ፍፁማዊና አንጻራዊ መገኛን ለልጄ እንዴት ላስረዳት?

ጥያቄ፦ የምኖረው ፒያሳ ነው። ልጄ የጂኦግራፊ ፈተና ደርሶባታል። ፍፁማዊ መገኛ ገብቷታል፤ አዲስ አበባን 9 ዲግሪ ሰሜን ገደማ ብላ ካርታ ላይ ታሳያለች። አንጻራዊው፣ ማለትም አንድ ቦታ ከሌሎች ቦታዎች አንጻር የት እንዳለ የሚገልጸው፣ ግን አልገባ አላት። ምን ምሳሌ ልስጣት?

መልስ፦ እህቴ፣ ለገሃር ይዘሻት ውረጂ። የድሮው ባቡር ጣቢያ ፊት አቁሚያት። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከገባ በኋላ፣ ከጅቡቲ የሚመጣ ሰውና ዕቃ የሚወርደው እዚያ ነበር። ዛሬ የጅቡቲው ባቡር የሚነሳው ከከተማው ዳር፣ ከለቡ ነው። ለገሃር ንቅንቅ አላለም፤ ዲግሪውም ያው ነው። ከጅቡቲ ወደብ ጋር ያለው ግንኙነት ግን ተቀየረ። አንጻራዊ መገኛ ይኸው ነው። ይሄን ርዕስ በጣም ነው የምወደው!

መልስ፦ ትክክል። ለእንግዳ አድራሻ ስትነግሪም «ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ፣ ማዘጋጃ ቤት አጠገብ» ነው የምትይው።

ጠያቂዋ፦ እግዜር ይስጥልኝ፣ ቅዳሜ እንወርዳለን። የፍልሰት ገፊና ሳቢ ምክንያቶችም ይመጣል ብላኛለች። ለእሱስ ምሳሌ ያለው አለ?