የአባቴ 140 ካሴትና የተበታተነው ፎቶ፦ ከየት ልጀምር?

ጥያቄ፦ የቧንቧ ውሃዋ (ደሴ)
ሰላም ለሁላችሁ። አባቴ ካሴት ወዳድ ነበር። ትቶልን የሄደው 140 ካሴት ነው፤ አንድ በአንድ ቆጥሬዋለሁ። አብዛኛው መንዙማ ነው። በባቲና በአምባሰል የተዘፈኑም አሉበት። አሥራ ምናምኑ ላይ ደግሞ ምንም አልተጻፈም። ፎቶውን አትጠይቁኝ። ግማሹ እናቴ ስልክ ላይ፣ ግማሹ ወንድሜ ቴሌግራም ውስጥ ነው፤ የቀረው ሁለት ፍላሽ ላይ ነበር። «ነበር» ያልኩት አንዱ ስለተበላሸ ነው። ፎቶ ላሳትም አንድ ቤት ሰጥቼው ስቀበል፣ ውስጡ ያለው ሁሉ ሾርትከት ሆኖ አገኘሁት።

ያለኝ ላፕቶፕ፣ የአባቴ ቴፕና አዲስ ባለ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ ነው። ላፕቶፑ ግን 931 ጊጋ ነው ይለኛል። ተሸወድኩ እንዴ? ሐሳቤ ሁሉንም በቲቪ የሚያሳየውን ጄሊፊን መጫን ነው፤ እናቴ ቡና ስታፈላ የፈለገችውን መንዙማ መርጣ እንድትሰማ። ጄሊፊን ይሻለኛል ፕሌክስ? መብራቱ እንደምታውቁት ነው።

የጦሳ ጉም (ደሴ)
አብሽሪ እህቴ፣ አልተሸወድሽም። ፋብሪካው 1 ቴራ የሚለው አንድ ትሪሊዮን ባይት ነው። ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024 እያካፈለ ስለሚቆጥር 931 ይልሻል። ዕቃው ያው ነው። የሚሸውደው በሳንቲም የሚሸጠው «2 ቴራ» ፍላሽ ነው። ሲሰኩት 2 ቴራ ይላል፣ እውነተኛው ቦታ ሲሞላ ግን አዲሱ ፋይል አሮጌውን ይበላዋል። የሚታወቀው ከወራት በኋላ ስትከፍቺው ነው።

ሾርትከት የሆነውን ፍላሽ ፎርማት እንዳታደርጊው! ፎቶዎችሽ ምናልባት እዚያው ተደብቀው ይሆናል። ቫይረሱ እውነተኛውን ፋይል ይደብቅና በቦታው ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን አትንኪው። መጀመሪያ በአንቲቫይረስ አስፈትሺ። ከዚያ ፎልደር ኦፕሽንስ ውስጥ ገብተሽ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጊ፤ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውንም ምልክት አንሺ፤ አለዚያ ላይታዩሽ ይችላሉ። ስም የሌለው ፎልደር ብቅ ካለ ውስጡን እዪ። ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የሚከታቸው።

ለወደፊቱ ማተሚያ ቤት የሚሄድ ፍላሽ ላይ የሚታተመው ብቻ ይኑር።

የቧንቧ ውሃዋ
ኧረ ተገኘ! ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ነው ያለው። አላህ ይስጥህ።

ባለ ቴፑ (ኮምቦልቻ)
ልጄ፣ ጄሊፊኑ ይቆይ። መጀመሪያ ካሴቶቹን ለሁለት ክፈይ፦ ሱቅ የተገዛውንና ቤት የተቀዳውን። የሱቁ ቢበላሽ ሌላ ሰው ቤት ይገኝ ይሆናል። ያ ምንም ያልተጻፈበት ግን ምን እንደያዘ አይታወቅም። በእኛ ጊዜ ጅዳ ያለ ዘመድ ደብዳቤ አይጽፍም ነበር፤ በካሴት አውርቶ ነው የሚልከው። ሰርግና ሐድራም ይቀዳ ነበር። እንዲህ ያለው በዓለም ላይ አንድ ነውና ከእሱ ጀምሪ።

ሳታጫውቺ በፊት ካሴቱን ከላይ ጠርዙ ላይ እዪው። ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ካሉ ስበሪያቸው። ከዚያ በኋላ በስህተት ሬከርድ ቢጫን እንኳ አይሠራም። እኔ የእናቴን ድምፅ በእግር ኳስ ያጠፋሁ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ስሚኝ።

የቴፑን ሄድ (ክሩን እየነካ ድምፁን የሚያነበውን) በጥጥና በአልኮል ጥረጊና አድርቂው። የደሴ ጉም ለካሴት ጥሩ አይደለም። ክሩ ላይ ነጭ ሻጋታ ካየሽ አታጫውቺ፤ በሄዱ በኩል አልፎ ሌላውንም ካሴት ይበክላል። ደህናውን ግን አንዴ እስከ ዳር ወስደሽ መልሺው፣ ተጣብቆ የቆየው ይላቀቃል። የባለ 90 ደቂቃው ክር ከባለ 60ው ይሳሳል፣ ቶሎ ይጠመጠማል፤ ሲያጫውት አጠገቡ ሁኚ። ከተጠመጠመ እንደ ድሮው በእስክሪብቶ ነው።

የቧንቧ ውሃዋ
ጋሼ፣ እሺ። ከቴፑ ወደ ላፕቶፑስ በምን ላገናኘው?

ባለ ቴፑ
ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በኬብል ነው። ላፕቶፕሽ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለው ግን የሚቀበለው የማይክ ድምፅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ድምፁን ሞኖ (የግራና የቀኙን አንድ) አድርጎ ያንጫርረዋል። ስቴሪዮ ላይን ኢን (ከቴፕ የሚመጣ ድምፅ መቀበያ ቀዳዳ) ያለው የዩኤስቢ ሳውንድ ካርድ ግዢ። ስትገዢ ጠይቂ፤ ርካሾቹ የማይክ ብቻ ናቸው። መቅጃው ኦዳሲቲ ነው፣ ነፃ ነው። ድምፁ ከፍ በሚልበት ቦታ ከ-6 ዴሲቤል እንዳያልፍ አድርጊ።

ስለ መብራት ደግሞ፦ ላፕቶፑን ከቻርጀር ንቀዪው፣ ቴፑንም በድንጋይ አጫውቺው። መብራት ቢጠፋ ሥራሽ አይቋረጥም። ከቻርጀሩ የሚመጣው ጉርርታም ይጠፋል። ድንጋዩ ሲደክም ግን ቴፑ ይዘገያል፣ ድምፁም ይወፍራል። ቶሎ ቀይሪው።

ፈጣኑ (ወልድያ)
ለምን ትደክማለሽ፣ በኤምፒስሪ ቅጂው አለቀ። ሰው ልዩነቱን አይሰማም።

ባለ ቴፑ
አንተ ልጅ፣ ዛሬ አይሰማም። ነገ ጫጫታውን ላጥራ፣ ልቁረጥ ስትል ይሰማል። ኤምፒስሪ የጣለውን ድምፅ መልሶ አይሰጥህም። ሒሳቡም አያስፈራም። ዌቭ (ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጠው ፋይል) በሲዲ ጥራት በደቂቃ 10 ሜጋ ያህል ነው፤ ባለ 60 ካሴት 600 ሜጋ ይሆናል። ሁሉም ባለ 60 ቢሆን 140ው 85 ጊጋ ነው። ፍላክ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ስትቀይሪው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ከድምፁም ምንም አይጎድልም። ከዚያ ለስልክና ለመኪና በ192 ኪሎቢት ኤምፒስሪ አውጪለት፤ 12 ጊጋ ቢሆን ነው።

የሚከብደው ጊዜው ነው። 140 ካሴት 140 ሰዓት ነው፣ አቋራጭ የለውም። በቀን አንድ ብትይ አምስት ወር ሊሞላሽ ነው። ቡና ላይ ቅጂ።

ሐይቅ ዳር
ስም አሰጣጡን አሁኑኑ ወስኚ፤ እኔ ሳልወስን ጀምሬ አንድ ዓመት ከስሬበታለሁ። አንደኛ፣ ዓመቱ። ስልክ ፎቶውን በፈረንጅ ቀን ነው የሚመዘግበው። አንቺ ደግሞ «2010 ልደት» ብለሽ በእኛ ትጽፊያለሽ። ሁለቱ ሲደባለቁ ሰርጉ ከልጁ ልደት በኋላ ይመጣል። እኔ ፋይሉን በፈረንጅ ቀን፣ ዓመት ከዚያ ወር ከዚያ ቀን አድርጌ እሰይመዋለሁ፤ በእኛ የሚሆነውን ከኋላው «ዓ.ም.» ብዬ እጨምራለሁ።

ሁለተኛው ሞክሼ ፊደል ነው። «ፀሐይ» ብለሽ ሰይመሽ «ጸሃይ» ብለሽ ብትፈልጊ ኮምፒዩተሩ የለም ይልሻል። «ሠርግ»ና «ሰርግ»ም ለእሱ ሁለት ነገር ናቸው። አንዱን ምረጪና ቤተሰቡ ሁሉ በእሱ ይጻፍ። የመኪና ማጫወቻና አሮጌ ቲቪ ግዕዝ ፊደል ካላነበበ ሣጥን ሣጥን ያሳይሻል። ለእነሱ የሚሄደውን ኮፒ በቁጥር ሰይሚው፤ 001፣ 002 እያልሽ ዝርዝሩን ደብተር ላይ ያዢ።

ወንድምሽ ጋ ያለውን ፎቶ ደግሞ እንደ ፋይል አድርጎ ይላክልሽ። ቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲልኩበት ያሳንሰዋል። ዋናው እሱ ስልክ ላይ ካለ ከዚያ ይላክ።

ፈጣኑ
እሺ ተሸነፍኩ። ስለ ጄሊፊን ግን እኔ ልናገር፣ ቤቴ አለ። ነፃ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። ላፕቶፑና ቲቪው አንድ ዋይፋይ ላይ ይሁኑ እንጂ ዳታ ባይኖርም ይሠራል። ፕሌክስ አካውንት ያስከፍትሻል፣ ኔት ሲጠፋ ያስቸግራል። ጄሊፊን የውጭ ፊልም ሥዕልና መረጃ ከኔት ራሱ ያመጣል። የአባትሽን መንዙማ ግን አያውቀውም። ኤምፒስሪታግ በሚባል ፕሮግራም ስምና ዓመት አንቺው ታስገቢለታለሽ። የካሴቱን ሽፋን በስልክ አንስተሽ ፎልደሩ ውስጥ ክተቺ፣ ቲቪው ላይ ያምራል።

ለእናትሽ ግን እውነቱን ልንገርሽ፦ 12 ጊጋውን ፍላሽ ላይ አድርገሽ ቲቪው ጀርባ ሰክተሽ ተዪው። የእኔዋ እናት ጄሊፊንን አንድ ቀን ነው የታገሠችው።

ሲያልቅ ደግሞ ቴሌግራም ቻናል ክፈቺና ሁላችንም እንስማ!

የጦሳ ጉም
ቻናሉ ይቅር። ለራስ ማስቀመጥ ሌላ፣ ማሰራጨት ሌላ። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 አለ። ሱቅ የተሸጠ ካሴት ባለቤት አለው። ይልቅ ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ግዢ። አንድ ቦታ ብቻ ያለ ፋይል እንደሌለ ቁጠሪው።

እማማ ቡና (ደሴ)
ሁለተኛው ደግሞ እዚያው ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳይሆን። በ2014 ከደሴ ስንወጣ ኮምፒዩተሩን ማን ይሸከማል? ስንመለስ የለም። የልጆቼ የልጅነት ፎቶ የተገኘው አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ጋ ገልብጠን ትተን ስለነበር ነው። እሱም ግማሹ።

የቧንቧ ውሃዋ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)
ያልተጻፈባቸውን ጨረስኩ። አራቱ ባዶ ናቸው። አንዱ ላይ ራዲዮ ነው። ሌላው ላይ ግን፣ ጋሼ እንዳሉት፣ አክስቴ ከጅዳ ያወራችው ነው። ለ20 ደቂቃ ሰው በስም እየጠራች ሰላም ትላለች። እናቴ ሦስት ጊዜ አሰማችኝ። እኔንም «ያቺ ሕፃን» ብላ ጠርታኛለች። ሁለተኛ ሃርድ ዲስክ ገዝቻለሁ፤ ሐይቅ ያለችው አክስቴ ጋ ልወስደው ነው።

ሐይቅ ዳር
ላዩ ላይ በትልቁ «አይነካም» ብለሽ ጻፊበት። እኔ አጎቴ ጋ ያስቀመጥኩትን ልጆቹ ፊልም አስጭነውበት ነው ያገኘሁት።