የአባባን 80ኛ ዓመት ቪዲዮ ላፕቶፕ ላይ ልቆርጥ ነው፤ ከየት ልጀምር?

የፋርማሲዋ ልጅ (ጎንደር)፦

ጤና ይስጥልኝ። ሥራዬ ፋርማሲ ውስጥ ነው። ኮምፒውተር የምነካው ሽያጭ ለመመዝገብ ብቻ ነው። ቪዲዮ ኤዲት አድርጌ አላውቅም።

ባለፈው ወር አባባ 80 ዓመት ሞላቸው። ልጆችና የልጅ ልጆች ተሰብስበን ቤት ውስጥ አከበርንላቸው። ካሜራማን አልጠራንም። አራት ሰው በየስልኩ ሲቀርጽ ዋለ። ሁሉንም በአንድ 64 ጊጋ ፍላሽ ላይ ሰብስቤዋለሁ። 93 ቁራጭ ነው። ስደምረው አራት ሰዓት ከሩብ ይሆናል። ገሚሱ ስልኩን አቁመው የቀረጹት ነው፣ ገሚሱ አጋድመው።

ታላቅ ወንድሜ ሜሪላንድ ነው። አባባን በአካል ካየ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። ወረቀቱ ስላላለቀለት መምጣት አልቻለም። ግማሽ ሰዓት ገደማ የሚሆን ፊልም አድርጌ ልልክለት ነው የፈለግኩት። ድፎ ዳቦው ሲቆረስ፣ አባባ ሲመርቁ፣ ከእማማ ጋር እንዴት እንደተገናኙ ሲያወሩ፣ እስክስታው፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ቢኖርበት ደስ ይለኛል።

ላፕቶፑ የእህቴ ነው። ዊንዶውስ 10፣ 8 ጊጋ ራም። ከጓደኛዬ አንድ ፕሮግራም ገልብጬ ሞከርኩ። ሁለት ጊዜ ስታክ አደረገ። በሦስተኛው ትንሽ ሄደልኝ፤ ግን ምስሉና ድምፁ አልገጥም አሉ። አባባ ተናግረው ከጨረሱ በኋላ ነው ድምፁ የሚመጣው። መሀል ላይ ደግሞ መብራት ጠፋ። የላፕቶፑ ባትሪ ስለሞተ የሠራሁት ሁሉ ጠፋ። ያን ዕለት አለቀስኩ።

የአንድ ሳምንት ዕረፍት ወስጃለሁ። ምን ልጠቀም? ከየት ልጀምር? ከጀርባ የምትሆን ጥሩ ሙዚቃም ብትጠቁሙኝ።

የባሕር ዳሩ (ባሕር ዳር)፦

ላፕቶፑን ተዪው፣ በስልክሽ ካፕከት ላይ ሥሪው። የልጄን ልደት እንደዚያ ነው የሠራሁት። በአንድ ማታ አለቀ። የእኔ ግን ሦስት ደቂቃ ነበር። አራት ሰዓት ቪዲዮ ስልክሽ ላይ ቦታ ማግኘቱን እንጃ።

የሠርግ ቪዲዮ ሠሪው (አዲስ አበባ)፦

እህቴ፣ እንኳን አባባን ለዚህ አበቃላችሁ። 18 ዓመት የሠርግ ቪዲዮ ስቆርጥ የኖርኩ ሰው ነኝ። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

የጀመርኩት ፒያሳ አንዲት ጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ፣ በሚኒ ዲቪ ካሴት ጊዜ ነው። የአንድ ሰዓት ካሴት ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ሙሉ አንድ ሰዓት ይፈጃል። 13 ጊጋ ይይዛል። ካሴቱ እስኪያልቅ ቁጭ ብለን እናየው ነበር። ሳይታወቀን ትልቁን ሥራ የምንሠራው ያኔ ነው። መቁረጥ ስንጀምር ምን በእጃችን እንዳለ እናውቃለን። ዛሬ ፋይሉ በአምስት ደቂቃ ይገለበጥና ሰው ሳያየው መቁረጥ ይጀምራል። ከዚያ መሀል ላይ ይጠፋበታል።

ስለዚህ ዛሬ ምንም ፕሮግራም አትክፈቺ። ፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ላፕቶፑ ላይ አንድ ፎልደር ውስጥ ገልብጪ። ሁለተኛ ኮፒ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጪ። ከሌለሽ ተበደሪ። ፍላሹንም አታጥፊው። ፍላሹ ላይ እንዳለ ቀጥታ መቁረጥ ግን አይሆንም። አብዛኛው ፍላሽ ሲነበብ ቀርፋፋ ነው። ስታክ ያደረገብሽ አንዱ ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ደብተርና እስክሪብቶ ይዘሽ 93ቱንም እያቸው። አንድ ሙሉ ቀን ይወስድብሻል። ለእያንዳንዱ አንድ መስመር ጻፊ፦ የፋይሉን ቁጥር፣ ማን እንዳለበት፣ ጥሩው ከስንተኛው ደቂቃ እንደሚጀምር። እኔ አጠገቡ ኮከብ አደርጋለሁ። ባለ ሦስት ኮከቡ ፊልሙ ውስጥ ይገባል። ባለ አንዱ አይገባም። ባለ ሁለቱን የምናየው ቦታ ከተረፈን ነው። መሬት መሬቱን የቀረጸውን፣ የተንቀጠቀጠውን፣ ጀርባ ብቻ የሚታይበትን እዚያው ተዪው።

አሁን ወደ ፕሮግራሙ። ሾትካት የሚባለውን ከራሱ ድረ ገጽ አውርጂ። ነጻ ነው፣ የራሱን ስም ቪዲዮሽ ላይ አይለጥፍም። 8 ጊጋ ራም ለተለመደው ኤችዲ ይበቃዋል። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ከእሱ ይበልጣል፣ እኔም ሥራ ላይ የምጠቀመው እሱን ነው፤ ያንቺ ላፕቶፕ ግን አይችለውም። ከጓደኛ የተገለበጠ የተሰበረ ፕሮግራም ደግሞ ቫይረስ ይዞ ይመጣል። አጥፊው።

ከመጀመርሽ በፊት ሴቲንግስ ውስጥ ገብተሽ ፕሮክሲን አብሪው። ይህ ማለት ፕሮግራሙ ከየቪዲዮው ቀለል ያለ ግልባጭ ይሠራል። አንቺ የምትቆርጪው ያንን ቀለል ያለውን ግልባጭ ነው። መጨረሻ ላይ ሲያወጣው ግን ዋናውን ይጠቀማል። ለደካማ ላፕቶፕ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት አላውቅም።

ድምፁ ለምን ወደ ኋላ ቀረ ላልሽው፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ስልኩ ነው። ቤት ውስጥ ብርሃን ሲያንስ ስልክ በሰከንድ የሚቀርጸውን ምስል ይቀንሳል። 30 የነበረው 24 ይሆናል፣ መልሶ ይጨምራል። ድምፁ ግን በአንድ ፍጥነት ነው የሚሄደው። ብዙ ፕሮግራም ይህ ሲለዋወጥበት ይሳሳታል። ሾትካት እንዲህ ያለ ፋይል ስትከፍቺ ራሱ ያውቅና ልቀይረው ወይ ብሎ ይጠይቅሻል። እሺ በዪው። የተቀየረው ፋይል ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ ባለ ሦስት ኮከቦቹን ብቻ ቀይሪ።

አቆራረጡን ለመልመድ ሁለት ሰዓት አይፈጅብሽም። ቪዲዮውን ታይምላይኑ ላይ፣ ማለትም ቁራጮቹ በተራ የሚደረደሩበት መስመር ላይ፣ ታወርጂዋለሽ። መቁረጥ የፈለግሽበት ቦታ ላይ ቆመሽ የኤስን ቁልፍ ትጫኛለሽ። የማትፈልጊውን ቁራጭ መርጠሽ የኤክስን ቁልፍ ስትጫኚ ይጠፋል፣ ቀሪው ተስቦ ይገጥማል። ከተሳሳትሽ ኮንትሮልና ዜድ። በየጥቂት ደቂቃው ደግሞ ኮንትሮልና ኤስ፤ መብራቱን ታውቂዋለሽ። ሴቭ የምታደርጊው የፕሮጀክት ፋይል ግን ቪዲዮውን አይዝም። ቪዲዮው የት እንዳለና የት እንደተቆረጠ የሚናገር ማስታወሻ ነው። ሥራው ሳያልቅ የፎልደሩን ስም ብትቀይሪ ወይም ፋይል ብታንቀሳቅሺ የለም ይልሻል።

ስልኩ ቆሞ የተቀረጸው ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ ይመጣል። ብለር ፓድ የሚል ፊልተር አለ፤ ያንኑ ምስል አደብዝዞ ጎኑን ይሞላዋል። ከአንዱ ቁራጭ ወደ ሌላው ስትሻገሪ የሚሽከረከር፣ የሚገለበጥ፣ ልብ የሚመስል ነገር አታስገቢ። በቀጥታ ቁረጪ። ቦታው ወይም ሰዓቱ ሲለወጥ ብቻ አንዱ በአንዱ ውስጥ ቀስ ብሎ ይሟሟ።

ሙዚቃውን ወደ መጨረሻ ያመጣሁት ሆን ብዬ ነው። ይህን ደግመሽ አንብቢው።

የታናሽ እህቴን ሠርግ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ያኔ የለመድኩት ከዳር እስከ ዳር ዘፈን መጫን ነበር። ደንበኛም የሚወደው እሱን ነው። እናቴ እህቴን ስትመርቅ አንድ ስድስት ደቂቃ የሚሆን ነበር። ከጀርባው የምግብ ሳህን ይንጫጫል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ድምፁ ተበላሽቷል ብዬ ሙሉ በሙሉ ዘጋሁትና ክራር አደረግኩበት። ያየው ሁሉ አመሰገነኝ። ሃርድ ዲስኩ ሲሞላ ዋናውን ፋይል አጠፋሁት። በሁለት ዓመቱ እናቴ አረፈች። አሁን ያን ቪዲዮ ስከፍተው አፏ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እጇ እህቴ ራስ ላይ ነው። ምን እንዳለቻት አልሰማም። እህቴም ያን ቀን እያለቀሰች ስለነበር አታስታውሰውም።

እና እህቴ፣ አባባ በሚናገሩበት ቦታ ላይ ምንም ሙዚቃ አትጫኚ። ምርቃቱን አትቁረጪው፤ አሜን የሚለውም አብሮ ይግባ። ድምፁ ካነሰ የጌን ፊልተርን ጨምረሽ ከፍ አድርጊው። ከመንገድ ወይም ከነፋስ የሚመጣ ጉምጉምታ ካለበት ሃይ ፓስ የሚለውን ሞክሪ፤ የታችኛውን ጉምጉምታ ይቀንሰዋል። ሁለት ስልክ በአንድ ጊዜ ቀርጿቸው ከሆነ ለአባባ ቅርብ የነበረውን ስልክ ድምፅ ያዢ፣ ምስሉን ከፈለግሽው ውሰጂ። ሁለቱን ለማገጣጠም አንድ እልልታ ወይም ጭብጨባ ፈልጊ። ታይምላይኑ ላይ የድምፁ ሞገድ ጉብ ብሎ ይታያል። ጉብታውን ከጉብታው ጋር አስተካክይ።

ሙዚቃ ካማረሽ መጀመሪያው ላይ አንድ ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ አንድ ደቂቃ። እስክስታው የራሱ ዘፈን አለው፣ ይበቃዋል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ (ሜሪላንድ)፦

ወንድሜ የጻፈውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እናትህን ነፍስ ይማር።

በአንድ ነገር ብቻ አልስማማም። እኔ እዚህ ከመጣሁ 12 ዓመቴ ነው። ከቤት ቪዲዮ ሲላክልኝ መጀመሪያ የማየው ሰው ብቻ አይደለም። ግቢውን ነው የማየው። በሩ ተቀይሯል? የጌሾው ዛፍ አለ? የእናቴ ረከቦት ያው ነው? ባለፈው ዓመት እህቴ ስልኳን ሳትዘጋ ወደ ጓዳ ገብታ የቀረጸችው አርባ ሰከንድ ነበር፤ በሙሉ የምድጃና የግድግዳ ምስል ነው። ከሁሉ አብልጬ ያየሁት እሱን ነው። ስለዚህ አንቺ ልጅ፣ መሬት መሬቱን የቀረጸውንም ሁሉንም አትጣዪው። ከግቢው ትንሽ፣ ከጓዳው ትንሽ አስገቢለት። ወንድምሽ ያደገበት ቤት ነው።

አላላኩን በተመለከተ፦ በዋትስአፕ እንደ ቪዲዮ ከላክሽው ጨምቆ ያደበዝዘዋል። በቴሌግራም ላኪው፣ ግን እንደ ፋይል አድርገሽ። በነጻው ቴሌግራም አንድ ፋይል እስከ 2 ጊጋ ይሄዳል። ስታወጪው በኤች 264 ኤምፒ4 በሚባለው የቪዲዮ ፋይል ዓይነት፣ በሰከንድ 6 ሜጋቢት ብታደርጊው 38 ደቂቃ እንኳ 1.7 ጊጋ ገደማ ነው የሚመጣው። በቲቪ ላይ ጥሩ ሆኖ ይታያል። ሙዚቃ ያለበትን ዩቲዩብ ላይ ካስቀመጥሽ ደግሞ የዘፈኑ ባለመብት ሊያስቆመው ይችላል።

የፋርማሲዋ ልጅ (ጎንደር)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጋሼ፣ የእናትዎን ታሪክ ለእህቴ ሳነብላት ሁለታችንም ዝም ብለን ቆየን። ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን።

ደብተሩን ጨረስኩ። አንድ ቀን ተኩል ፈጀብኝ። ባለ ሦስት ኮከብ 31 ወጣ። ፕሮክሲውን ካበራሁት ወዲህ ላፕቶፑ አንድም ጊዜ ስታክ አላደረገም። የአባባ ድምፅም ከአፋቸው ጋር ገጠመ። ሁለቱን ስልክ በእማማ እልልታ ነው ያገጣጠምኳቸው።

አንድ ነገር አስቸገረኝ። መጀመሪያው ላይ የአባባን ስምና ቀኑን በአማርኛ ልጽፍ ስል አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ይመጣል።

የሠርግ ቪዲዮ ሠሪው (አዲስ አበባ)፦

የመረጥሽው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም ማለት ነው። ከፎንቱ ዝርዝር ኒያላን ወይም ኢብሪማን ምረጪ። ካጣሻቸው አቢሲኒካን ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን በነጻ አውርደሽ ጫኚና ፕሮግራሙን ዘግተሽ ክፈቺው። ጽሑፉን ተለቅ አድርጊው፤ ነጭ ፊደል ከጥቁር ጥላ ጋር በየትኛውም ምስል ላይ ይነበባል።

ኤክስፖርት ከማድረግሽ፣ ማለትም የቆረጥሽውን እንደ አንድ ቪዲዮ ከማውጣትሽ በፊት፣ አንድ ጊዜ ዓይንሽን ጨፍነሽ ድምፁን ብቻ ስሚው። የሚጮህና የሚያንስ ቦታ ቶሎ ይለይልሻል።

የፋርማሲዋ ልጅ (ጎንደር)፦

አለቀ። 41 ደቂቃ ሆነ። ግማሽ ሰዓት ብዬ ነበር፣ ምርቃቱን መቁረጥ እምቢ አለኝ።

ኒያላ ሠራልኝ። ማታ መብራት ይረጋል ብዬ አራት ሰዓት ላይ ኤክስፖርት ላይ ጥዬው ተኛሁ፣ ጠዋት አልቆ አገኘሁት። ከግቢው 20 ሰከንድ አስገባሁ፤ ዶሮዎቹ ሲራወጡና የኮሶው ዛፍ። ለእማማ ቤት ቲቪ በፍላሽ ልገለብጠው ስል ለብቻው በትልቅ ጥራት ያወጣሁት 5 ጊጋ ስለነበር ፍላሹ አልቀበልም አለኝ። የሰፈራችን ስልክ ጠጋኝ አየልኝ። ፍላሹ ፋት 32 በሚባል አሠራር የተዘጋጀ ነው፣ እሱ ደግሞ ከ4 ጊጋ በላይ የሆነ አንድ ፋይል አይዝም አለኝ። በውስጡ ያለውን ካስቀመጥኩ በኋላ ትልቅ ፋይል በሚይዘው ኤክስፋት በሚባል አሠራር ፎርማት አደረገልኝ፣ ቲቪውም አነበበው።

ወንድሜ ትናንት ደወለ። ቪዲዮውን ከሚስቱ ጋር ሁለት ጊዜ አይተውታል። አባባ ለጥምቀት ጃንሜዳ ሳይሆን እዚሁ ፋሲል መዋኛ ዳር የወረወሩት ሎሚ እማማን ስቶ አክስታችንን መታ የሚሉት ቦታ ላይ፣ እኔ ሳቁን አሳጥሬ ወደ እስክስታው ተሻግሬ ነበር። ከዚያ በኋላ ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። ዋናው ፋይል አለኝ። 11 ደቂቃ ነው። ሳልቆርጠው አሁን እየጫንኩለት ነው፣ 62 በመቶ ደርሷል።