የጠፈር በጀት፦ ለሰው ወይስ ለሮቦት?

ህዋ_ወዳድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ዋይንበርግ ሰው ወደ ጠፈር መላክ ለሳይንስ የረባ ነገር አላስገኘም ሲል ነው የኖረው። በሌላ በኩል በማርስ ላይ እየተሽከረከሩ የሚያጠኑትን ሮቦቶች (ሮቨሮች) ሳይንስ የመራው ስቲቭ ስኳየርስ፣ ሮቦቱ ቀኑን ሙሉ የሚሠራውን ሰው ቢሆን ከደቂቃ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል ብሏል። ሁለቱም አዋቂዎች ናቸው። መንግሥት ገንዘቡን ለየትኛው ቢያውለው ይሻላል?

የውል_ሰው፦
እኔ የመንግሥት ግዥ ውል ሳዘጋጅ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ በሌላ በር ልግባ። ክርክሩ አንዱ ሲቀር ገንዘቡ ለሌላው ይተርፋል ብሎ ይነሳል። አይተርፍም። በ1966 (እ.ኤ.አ.) የናሳ ድርሻ ከአሜሪካ ፌዴራል በጀት ከ4 በመቶ በላይ ነበር፤ ሰው ጨረቃ ላይ ያሳረፈው የአፖሎ ፕሮግራም ካበቃ በኋላ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ወደ 1 በመቶ ገደማ ወረደ። ልዩነቱን ሮቦቶች አላገኙትም።

እኔን የሚያንገበግበኝ አከፋፈሉ ነው። ኤስ ኤል ኤስ የተባለው የናሳ ግዙፍ ሮኬት በአብዛኛው የተሠራው ተቋራጩ ያወጣውን ሁሉ ከነትርፉ በሚተካ ውል ነው። እንዲህ ባለ ውል ሥራው ሲጓተት የሚከፍለው መንግሥት ነው። በመጋቢት 2022 የናሳ ዋና ኢንስፔክተር ፖል ማርቲን ለኮንግረስ ቀርቦ፣ በዚሁ ሮኬት ሰውን ወደ ጨረቃ ለመመለስ የታቀዱት የመጀመሪያዎቹ 4 የአርጤምስ በረራዎች እያንዳንዳቸው 4.1 ቢሊዮን ዶላር እንደሚፈጁና ይህም ሊዘልቅ እንደማይችል ተናግሯል።

አሁን በ2014 የተፈረመውን የቁርጥ ዋጋ ውል፣ ማለትም ክፍያው አስቀድሞ የተወሰነበትን፣ እይው። ጠፈርተኞችን ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ለማመላለስ ቦይንግ 4.2 ቢሊዮን፣ ስፔስኤክስ 2.6 ቢሊዮን ተፈቀደላቸው። ስፔስኤክስ በግንቦት 2020 ሰው አሳፈረ። ቦይንግ ዘገየ፤ ከ1 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆነውን ተጨማሪ ወጪ ግን ከራሱ ኪስ ከፈለ። ውል ማለት እንዲህ ነው!

መስታወት፦
ወንድሜ፣ ቁርጥ ዋጋ ለሁሉም አይሠራም። የናሳ የጠፈር ቴሌስኮፕ የሆነው ዌብ፣ 6.5 ሜትር መስታወቱ ታጥፎ ተነሥቶ፣ ከመሬት 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ወደሚርቀው ቦታው ሲጓዝ መዘርጋት ነበረበት። ማንም ሠርቶት የማያውቀውን ነገር የትኛው ኩባንያ በቁርጥ ዋጋ ይፈርማል? ወጪው ስለናረ በ2011 ሊሰርዙት ተቃርበው ነበር፤ ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ፈጅቶ በታኅሣሥ 2021 ተነሣ። ዛሬ የሚልከውን እያየሁ ያ ገንዘብ ባከነ ማለት አልችልም።

የውል_ሰው፦
እውነት ነው፤ ዌብን በቁርጥ ዋጋ ማሠራት አይቻልም ነበር። ኤስ ኤል ኤስ ግን የቀድሞውን የናሳ መንኮራኩር፣ የስፔስ ሸትልን፣ ሞተሮች ነው የወረሰው፤ የጎን ሮኬቶቹም ከዚያው የመጡ ናቸው። ለዓመታት ሲበር የኖረን ዕቃ እንዳልተሞከረ ቆጥሮ መክፈል ምን ይሉታል?

ህዋ_ወዳድ፦
ገንዘቡ አይሻገርም ያልከው ግን አልተዋጠልኝም። ለ2026 በቀረበው የናሳ በጀት ሐሳብ ሮቦቶቹና ቴሌስኮፖቹ የሚገኙበት የሳይንሱ ድርሻ ከ7.3 ቢሊዮን ወደ 3.9 ቢሊዮን ዶላር እንዲወርድ፣ ሰው ወደ ጨረቃና ማርስ የመላኩ ሥራ ደግሞ እንዲጨመርለት ተጠይቋል። ይህ መሻገር ካልሆነ ምንድን ነው?

የውል_ሰው፦
ጥሩ ይዘሽኛል፤ በዚያ አቅጣጫ፣ ከሳይንስ ወደ ሰው በረራ፣ በቀላሉ ይሻገራል። ተገላቢጦሹን ነው ያላየሁት። የሰው በረራ በየግዛቱ ፋብሪካና ሠራተኛ ስላለው ጠበቃው ብዙ ነው፤ ሳይንስ ይህን ያህል ተሟጋች የለውም። ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ፦ የሳይንሱ በጀት ከዚያ በታች የማይወርድበት ወለል በሕግ ይበጅለት፣ ሰው የማጓጓዙ ሥራ ደግሞ በቁርጥ ዋጋ ይሰጥ።

መስታወት፦
ቴክኖሎጂው ለቁርጥ ዋጋ መድረሱን ማን ይወስናል?

የውል_ሰው፦
መለኪያው አለ። ናሳ የቴክኖሎጂን ብስለት ከ1 እስከ 9 ይደለድላል። የአሜሪካ ኮንግረስ የኦዲት መሥሪያ ቤት ደግሞ ወሳኝ ቴክኖሎጂዎች የመጀመሪያው የንድፍ ግምገማ ሳይካሄድ 6ኛ ደረጃ እንዲደርሱ ይመክራል። እኔ ብሆን ከዚያ በታች ላለው ወጪውን እየተካሁ አሠራለሁ፤ ከዚያ በላይ ላለው ዋጋው ካልተቆረጠ አልፈርምም።