የዕድሩ ገንዘብ ለመንገዱ ወይስ ለእሳቱ?

የሰፈሩ ልጅ፦ እሁድ እዚሁ አራት ኪሎ በዕድራችን ስብሰባ የተባለው ነገር እስካሁን ያንገበግበኛል። ከተዋጣው ገንዘብ ላይ ለእሳት ማጥፊያም ይመደብ ሲባል፣ ሰብሳቢው «እሳት ቢመጣ አንዴ ነው፤ ጭቃ ግን በየክረምቱ ነው» ብለው ዘጉት። ሁሉም ለኮብልስቶን ሆነ። ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ተደጋግፎ በቆመበት ሰፈር እንዲህ ይባላል?

ባለሱቋ፦ ምን አጠፉ? በክረምት ቀብር ስንወጣ ተሸካሚዎቹ ቱቦው ጋ ተንሸራተው አልነበር? ሳጥኑ ግድግዳ ላይ ባይደገፍ ኖሮ ወድቆ ነበር። ሬሳ በክብር ማውጣት ካልቻለ ምኑን ዕድር ሆነ?

የሰፈሩ ልጅ፦ እሱስ ልክ ነዎት እትዬ። ግን «አንዴ ነው» ማለት ምን ማለት ነው? አንዴው አይበቃም? ሱቅዎ አንዴ ከነደደ ለሁለተኛው ምን ይተርፋል?

ኤሌክትሪሺያኑ፦ ኧረ አንዴም አይደለም፣ በየቀኑ ነው የምንተርፈው። ከአንድ ቆጣሪ አራት ቤት ተቀጥሎ፣ በዚያ ቀጭን ሽቦ ምጣድ ይጣዳል። በቅርቡ የፈታሁት ሶኬት ቀልጦ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ጋዜጣ ጋር ተጣብቆ ነበር። ጋዜጣው ጠቁሯል።

ጡረተኛው፦ ልጆቼ፣ መንገዱና እሳቱ አይነጣጠሉም። በ2017 ጥቅምት መርካቶ ሸማ ተራ ሲነድ የመንገዱ ጥበት እሳት አደጋዎችን እንዴት እንዳስቸገረ ሁላችንም ሰምተናል። የኛ ቅያስ ከዚያ ይሻላል? ኮብልስቶኑ ይነጠፍ። ግን መጀመሪያ ወደ መንገድ የወጣው አጥርና ደረጃ ይነሳ።

ባለሱቋ፦ የኔን ደረጃ ለማለት ነው ጋሼ? በግልጽ ይናገሩ።

ጡረተኛው፦ አዎ፣ ያንቺም ደረጃ፣ የሰብሳቢውም አጥር።

የዕድሩ ጸሐፊ፦ ሰብሳቢውን ተዉአቸው! ድንኳኑን ከኪሳቸው ያስጠገኑ ሰው ናቸው። እሳት ከተነሳ 939 ይደወላል፣ መኪናው ይመጣል። ዕድር የእሳት አደጋን ሥራ ልሥራ አይልም።

ኤሌክትሪሺያኑ፦ መኪናው አስፋልት ላይ ነው የሚቆመው! የውሃው ጎማ እኛ ጋ እስኪዘረጋ ማን ያጠፋል? እዚህ ሰፈር የጋለ ዘይት ሲቀጣጠል ውሃ የሚደፋ ሞልቷል፤ ነበልባሉ ጣራ ይደርሳል። ድስቱን ከድኖ ጋዙን መዝጋት ነው። ሲሊንደር ካፈሰሰም መስኮት መክፈት ብቻ አይበቃም። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፣ ወለል ላይ ይተኛል። በሩ ይከፈት፣ የመብራት ማብሪያ አይነካ። ይሄን የሚያሳይ ሰው መጥራት ስንት ብር ይፈጃል?

ባለሱቋ፦ ማጥፊያውንስ ማን ይጠብቃል? የቦኖው ቁልፍ እንኳ ተሰርቋል።

የዕድሩ ጸሐፊ፦ የቦኖውን ነገር ባታነሺው ይሻላል። ማን ጋ እንደነበር ሰፈሩ ያውቃል።

ባለሱቋ፦ እኔ ጋ አልነበረም! ስም ጠርተህ ተናገር!

የሰፈሩ ልጅ፦ ቁልፉን ተዉት በናታችሁ። «አንዴ ነው» ላሉት መልስ የሚሰጠኝ የለም?

የዕድሩ ጸሐፊ፦ በቃለ ጉባኤ ጸድቋል። አለቀ።

ጡረተኛው፦ የተፈረመ ቃለ ጉባኤ እሳት አያቆምም። ነገ ሜትር ይዤ ከሰብሳቢው አጥር እጀምራለሁ።

ባለሱቋ፦ እሳቸው ካፈረሱ እኔም አፈርሳለሁ። ቀድሜ ግን አልነካውም።