ክርክር፦ ድራገን ኤጅ 2 የተወቀሰውን ያህል መጥፎ ጌም ነው?

ጠንቋዩ፦ እኔ ልጀምር። የመጀመሪያው ድራገን ኤጅ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2009 ወጣ። ሁለተኛው በማርች 2011 ተከተለ። በመሃል ያለው 16 ወር ብቻ ነው። ጥድፊያው በየቦታው ያስታውቃል፤ አልክድም። ግን ከተከታታዩ ሁሉ አብልጬ የምወደው ይህንኑ ነው። ዓለምን ስለማዳን አይደለም። ሆክ የሚባል ስደተኛ ከርክዎል ከተማ ገብቶ በዓመታት ውስጥ ምን እንዳገኘና ምን እንዳጣ ነው የሚተርከው። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ባለጋሻው፦ መጀመሪያ ስለ ዋሻው እናውራ። አንዴ የወንበዴ መደበቂያ ይሉሃል፣ አንዴ የሸረሪት ጎሬ። ስትገባ ግን ያው መታጠፊያ፣ ያው አዳራሽ። የሚለየው የትኛው መንገድ እንደተዘጋ ብቻ ነው። እየቆየሁ ስሄድ ካርታውን ማየት ሁሉ ትቼ ነበር። ሙሉ ዋጋ ለከፈለ ተጫዋች ይህ ንቀት ነው።

ቀስተኛዋ፦ ዋሻውስ ልክ ነህ። እኔን የባሰብኝ ግን ውጊያው ነው። የመጀመሪያውን በኮምፒውተር ስጫወት ጌሙን አቆማለሁ፣ ካሜራውን ወደ ላይ አወጣለሁ፣ ባለጋሻዬን በሩ ላይ፣ ጠንቋዬን ከኋላ አቆማለሁ። እዚህ ያ ካሜራ የለም። ያሉትን ጨረስኩ ስል ሌሎች ከጣሪያ ዘለው ጠንቋዬ ጀርባ ላይ ያርፋሉ። ከየት እንደሚመጡ ካላወቅኩ እቅድ ማውጣቴ ምን ይረባኛል?

ጠንቋዩ፦ እሱ እውነት ነው። ፍጥነቱ ግን ተሻሽሏል። ቁልፉን ስትጫኚ ወዲያው ይመታል።

ፈዋሿ፦ ከሆክ ጋር የሚዘምቱትን ጓዶች ማንም ሳያነሳቸው ሊያልፍ ነው እንዴ? በመጀመሪያው ጌም የተቀየመህን ጓድ በስጦታ ብዛት ማባበል ይቻል ነበር። እዚህ መቀናቀን ራሱ ዝምድና ነው። ኢዛቤላን ውሰዱ። ከተማዋ ውስጥ ቁናሪ የሚባሉ የባዕድ ተዋጊዎች ሰፍረዋል፤ የእነሱን ቅዱስ መጽሐፍ ይዛ ትሰወራለች። ከእሷ ጋር ያላችሁ ወዳጅነት ወይም ተቀናቃኝነት ከጠነከረ፣ ከተማዋ ጭንቅ ላይ እያለች መጽሐፉን ይዛ ትመለሳለች። ለዘብ ያለ ከሆነ ግን ሄደች ነው፣ አትመለስም። ፊት ለፊት ስትሟገታት የኖረች ሴት ለአንተ ብላ መመለሷን ሳይ አለቀስኩ። እንዲህ ዓይነት ነገር በሌላ ጌም አላየሁም።

ባለጋሻው፦ ጓዶቹ ጥሩ ናቸው። መጨረሻውስ? የከተማዋ ጠንቋዮችና እነሱን የሚጠብቁት ወታደሮች፣ ቴምፕላሮቹ፣ ይዋጋሉ። ጠንቋዮቹን ብትደግፍ መሪያቸው ኦርሲኖ በደም አስማት ጭራቅ ሆኖ ይነሳብሃል። ቴምፕላሮቹን ብትደግፍ አዛዣቸው ሜሬዲዝ ትዞርብሃለች። በየትኛውም ወገን ብትቆም ሁለቱንም ትገጥማለህ። ታዲያ የመረጥኩት ምኑን ነው?

ፈዋሿ፦ አንዳንዴ አለመቻሉ ራሱ ታሪኩ ነው። የሆክን እናት አስታውስ። ቤት ስትገባ የለችም። ያለው የተላከላት ነጭ አበባ ነው። ነጭ አበባ የተላከላቸው ሌሎች ሴቶች እንደተገደሉ ታውቃለህ። በሌሊት የደም ጠብታ እየተከተልክ ትሮጣለህ። የቱንም ያህል ብትፈጥን አትደርስም። ሦስት ጊዜ ጨርሼዋለሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ ሮጫለሁ።

ቀስተኛዋ፦ ያን ቦታ እኔም አልረሳውም። ጌሙን ዘግቼ ተነስቼ ነበር።

ባለጋሻው፦ እናቱ ላይ አልከራከርም። እዚያ ምርጫ አልሰጡኝም፣ ስለዚህም አላታለሉኝም። መጨረሻው ላይ ግን «ወገንህን ለይ» ብለው ጠየቁኝ። ለየሁ። መልሴን ከሰሙ በኋላ ጣሉት። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ፈዋሿ፦ ይህን ልዩነት አላሰብኩትም ነበር።

ጠንቋዩ፦ እኔም እዚህ ላይ ተረትቻለሁ። ከጠንቋዮቹ ጋር በቆምኩ ጊዜ ኦርሲኖ አጠገቤ ነበር። ገና ሳንሸነፍ ነው ተስፋ ቆርጦ የዞረብኝ። ዋሻውን በጊዜ ማጠር ይቅር እላለሁ። ይህን ግን ለምን እንደዚያ እንደጻፉት እስካሁን አልገባኝም።