«ባላጋራ» ወይስ «ተፎካካሪ»? የኒውዚላንድና የደቡብ አፍሪካ ራግቢ

ፊደል ቆጣሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ዓረፍተ ነገር አላላውስ ብሎኛል። ስለ ራግቢ ከሚተረጎም ጽሑፍ ውስጥ ያለ ነው፦ «ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ከ1921 ጀምሮ ...... ናቸው።» (ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን ነው።) ባላንጣ፣ ባላጋራ፣ ተቀናቃኝ፣ ተፎካካሪ፤ የትኛው ይግባ? «ጠላት» እንደማይሆን ግልጽ ነው። «ተፎካካሪ» ደግሞ ቀለለብኝ፤ የሁለት ሱቆች ነገር ይመስላል።

የዜማ ቤት ልጅ፦
«ባላጋራ» ነው፤ ምን ያጠያይቃል? 1ኛ ጴጥሮስ 5፥8 «ባላጋራችሁ ዲያብሎስ» ይላል። ከዚህ የከበደ ቃል ከየት ይመጣል?

ሰዋስው ወዳጅ፦
ወንድሜ፣ ያው መጽሐፍ ማቴዎስ 5፥25 ላይ «ከባላጋራህ ጋር ፈጥነህ ተስማማ» ይላል፤ ያውም «አብረኸው በመንገድ ሳለህ»። እዚያ ባላጋራ ማለት ተሟጋች ነው። ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ሁለቱም አንድ መንገድ ይሄዳሉ። ስለዚህ ቃሉ «ባለ» እና «ጋራ» ነው፤ «በጋራ» ስንል ያለው ጋራ። ሙግቱን የሚጋራህ ሰው ማለት ነው።

ማዶ ለማዶ፦
አልቀበልም። ጋራ ያው ተራራው ነው። አንዱ ወዲህ፣ አንዱ ወዲያ ማዶ ሰፍረው ይተያያሉ፤ ባለ ጋራ። መጋራት ቢሆን ኖሮ «ተጋሪ» ይበቃ ነበር።

ሰዋስው ወዳጅ፦
«ባለ» ስም ይፈልጋል፤ ባለዕዳ፣ ባለጉዳይ እንደምንለው። «ተጋሪ» ሌላ እርባታ ነው፤ አይተካውም።

አሥራ አምስት ቁጥር፦
ከቃሉ በፊት ነገሩ ይታወቅ። ሁለቱ መጀመሪያ የገጠሙት በ1921 ኒውዚላንድ ውስጥ፣ ዱነዲን ላይ ነው። በዚያ ዓመት ሦስት ጊዜ ተጋጥመው አንድ አንድ ተሸናነፉ፤ ሦስተኛው 0 ለ 0 አለቀ። ኒውዚላንድ ደቡብ አፍሪካ ምድር ድረስ ሄዳ ተከታታይ ግጥሚያ ለማሸነፍ እስከ 1996 ጠብቃለች።

ምሬቱ ግን ከውጤቱ ብቻ አልመጣም። በ1928፣ በ1949 እና በ1960 ኒውዚላንድ ወደዚያ ስትሄድ የአገሯ ነባር ሕዝብ የሆኑትን ማኦሪ ተጫዋቾቿን ትታ ነበር፤ አስተናጋጁ መንግሥት ቀለም ይለይ ነበርና። በ1970 ማኦሪዎቹ «የክብር ነጮች» ተብለው ገቡ። በ1976 ደግሞ ተቃውሞ ወጥተው ፖሊስ የገደላቸው የሶዌቶ ጥቁር ተማሪዎች ደም ሳይደርቅ ኦል ብላክስ (የኒውዚላንድ ብሔራዊ ቡድን) እዚያው ሄዱ። ኒውዚላንድ ከሞንትሪያል ኦሎምፒክ ትውጣ የሚለው ጥያቄ አልሰማ ሲባል ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች ጥለው ወጡ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ናት። ምሩፅ ይፍጠር በ1972 ሙኒክ ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ ወስዶ የሞንትሪያሉ ሳይሮጥ ያለፈው በዚህ የራግቢ ጉዞ ምክንያት ነው። ሁለቱን ወርቅ ያገኘው በ1980 ሞስኮ ላይ ነው። ስለዚህ ይህ ቃል ለእኛም የሩቅ ጉዳይ አይደለም።

የዜማ ቤት ልጅ፦
እንግዲያ «ባላጋራ» ማለቴ ልክ ነው።

አሥራ አምስት ቁጥር፦
ለማን ነው የምትለው? በ1981 ደቡብ አፍሪካ ኒውዚላንድ ስትሄድ በጉዞው ደጋፊና ተቃዋሚ ለሁለት የተከፈለችው ኒውዚላንድ ራሷ ናት። ሐሚልተን ላይ ተቃዋሚዎች ሜዳው መሐል ገብተው ግጥሚያው ተሰረዘ። ኦክላንድ ኤደን ፓርክ ላይ ትንሽ አውሮፕላን ዝቅ ብላ እየተመላለሰች የዱቄት ከረጢት ትጥል ነበር፤ አንዱ ከረጢት የራሳቸውን የኒውዚላንድ ተጫዋች መታ። ግጥሚያው 25 ለ 22 በኒውዚላንድ አሸናፊነት አለቀ። በዚያ ዓመት ባላጋራው አንድ ቤት ውስጥ፣ አባትና ልጅ መሐል ነበር። በ1995 ደግሞ በዓለም ዋንጫ ፍጻሜ፣ ጆሃንስበርግ ኤሊስ ፓርክ ላይ ደቡብ አፍሪካ ኒውዚላንድን በጭማሪ ሰዓት 15 ለ 12 ስታሸንፍ ማንዴላ የአምበሉን 6 ቁጥር ማሊያ ለብሰው ዋንጫውን ሰጡ። ጥቁሮቹ ለዓመታት የጨቋኛቸው ልብስ ነው ሲሉት የኖሩት ያው ማሊያ ነው። አንድ ቃል ይህን ሁሉ ይሸከማል ብዬ አላምንም።

ዘዋልድባ፦
ልጆች፣ «ተፎካካሪ» ቀለለ መባሉ አሳዝኖኛል። ፎከረ፣ ተፎካከረ፣ ፉክክር። ለሱቅ የሆነው በእኛ ዘመን ነው እንጂ ቃሉ የፉከራ ነው። አንዱ ይፎክራል፣ ሌላው ይመልሳል፤ መላሽ ከሌለ ፉክክር የለም። ሥሩም ግእዙ «ፈከረ» ነው፤ ተረጎመ፣ ፈታ ማለት ነው፤ ፍካሬ ከዚያ ወጣ። ፎካሪ «የእገሌ ልጅ» እያለ ማንነቱን ይፈታል፤ ራሱን ይተረጉማል።

ሰዋስው ወዳጅ፦
የኔታ፣ በአክብሮት ልቃወምዎ። ዐረብኛው «ፈኸረ» ይላል፤ ተመካ፣ ኮራ ማለት ነው። ኸ እና ከ ሲለዋወጡ እናያለን። ከፍካሬ ይልቅ ይህ አይቀርብም?

ዘዋልድባ፦
መቅረቡ ሥርነቱን አያስረዳም። ሴማውያን ሁሉ አንድ ገበታ ላይ የበሉ ናቸው።

አሥራ አምስት ቁጥር፦
የኔታ ስለ መላሽ ያሉት ራግቢ ውስጥ በዓይን ይታያል። ሀካ ኦል ብላክስ ከግጥሚያ በፊት የሚያሳዩት የማኦሪ ጭፈራ ነው፤ መሪው ያወጣል፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። የእኛ ፉከራ የአንድ ሰው ነው፤ ሀካ ግን አውጪና ተቀባይ አለው፤ ጭን ይመታል፣ እግር መሬት ይረግጣል፣ ዓይን ይፈጣል። በብዛት የሚሰማው «ካ ማቴ» በ1820 ገደማ አለቃው ቴ ራውፓራሃ ከሚያሳድዱት ተደብቆ፣ ከስኳር ድንች ጉድጓድ በሕይወት ሲወጣ ያለው ነው፦ «ሞት ነው፣ ሞት ነው፤ ሕይወት ነው፣ ሕይወት ነው»። የመትረፍ ደስታ ነው እንጂ የጦር መሣሪያ ጭፈራ አይደለም፤ ስለዚህ «የጦር ዳንስ» ተብሎ ሲተረጎም ይበላሻል።

ተጋጣሚ ሲመልስ ደግሞ እንዲህ ነው። በ1905 ካርዲፍ ላይ ዌልሶች በብሔራዊ መዝሙራቸው መለሱ፤ 3 ለ 0 አሸነፉም። በ2008 እዚያው ካርዲፍ ሀካው ካለቀ በኋላ ሁለቱም ቡድኖች ሳይነቃነቁ ፊት ለፊት ተፋጠው ቆሙ፤ ዳኛው ተበተኑ ቢሉም እሺ አላሉም። በ2011 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ፈረንሳዮች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ ቀስት ጫፍ ሆነው ወደ ፊት መጡ፤ የመሐል መስመሩን በማለፋቸው 2,500 ፓውንድ ተቀጡ። እንግሊዞችም በ2019 ዮኮሃማ ላይ 2,000 ተቀጥተዋል። መመለስ ይቻላል፤ መስመሩን መሻገር ግን ያስቀጣል።

ማዶ ለማዶ፦
አላልኳችሁም? መሐል ላይ መስመር፣ ወዲህና ወዲያ ሁለት ወገን። ጋራ ለጋራ!

የቆላ ሰው፦
ስለ «ባላንጣ» ማንም አልተናገረም። «ባለ አንጻር» ነው፤ አንጻር በግእዝ ፊት ለፊት፣ ትይዩ ነው። ጸ ወደ ጠ መሄዱን «ጸሎት» «ጠሎት» ሲባል እንሰማዋለን። ሀካ ፊት የቆመ ባለ አንጻር ነው።

ሰዋስው ወዳጅ፦
ር የት ሄደ?

የቆላ ሰው፦
በንግግር ተዋጠ።

ሰዋስው ወዳጅ፦
መጨረሻ ላይ ያለ ር ዝም ብሎ አይዋጥም። «አጥር»ን «አጥ»፣ «ምድር»ን «ምድ» የሚል ሰው አለ? አንድ ምሳሌ አምጣ።

ፊደል ቆጣሪ፦
እጅግ አመሰግናለሁ፤ ግን ዓረፍተ ነገሩ ነገ ጠዋት ይፈለጋል። ከአራቱ አንዱን ምረጡልኝ።

የቆላ ሰው፦
ምሳሌ ካልክ «እግዜር» አለ። «እግዚአብሔር» ነበር፤ በአፍ ስንቱ ድምፅ ተዋጠ?

ሰዋስው ወዳጅ፦
መሐሉ ተዋጠ እንጂ ር ቁጭ ብሏል። ምሳሌህ ለእኔ መሰከረ።

ዘዋልድባ፦
ይህ ጥሩ ክርክር ነው። ር በመጨረሻ የወደቀባቸውን ቃላት እናሰባስብ።