የጠላ ድፍድፍ ከበርሜሉ እየገነፈለ ነው፤ ምን ላድርግ?

ጥያቄ (ከአዳማ)

ጤና ይስጥልኝ። የግንቦት 12 የሚካኤል ማኅበር ተራ የእኔ በመሆኑ ጠላ እየጠመቅሁ ነው። የአጠማመቁን ልክ የወሰድሁት ደብረ ብርሃን ከሚኖሩት አማቴ ሲሆን፣ እሳቸው በጋን የሚያዘጋጁትን እኔ ባለ 60 ሊትር የፕላስቲክ በርሜል ውስጥ አድርጌዋለሁ። ጥንስሱ ከጌሾው ቅጠል ጋር ሦስት ቀን ከቆየ በኋላ፣ ትናንት ማታ ብቅሉን፣ እንኩሮውንና የጌሾውን እንጨት ጨምሬ፣ ከአፉ አንድ ጋት ያህል ሲቀረው ክዳኑን በብረት ቀለበቱ አጥብቄ ዘጋሁት። ዛሬ ጠዋት ክዳኑ ወደ ላይ አብጦ፣ በጠርዙ ዙሪያ ቡናማ አረፋ ከብቅል ቅንጣት ጋር እየወጣ ወለሉ ላይ ፈሶ አገኘሁት። በርሜሉ በእጅ ሲነካ ይሞቃል፤ ሽታው ግን ደስ የሚል የብቅልና የጌሾ ሽታ ነው። ክዳኑን ልክፈተው ወይስ ይቆይ? ቀዝቃዛ ውሃ ብጨምርበት ይበርድ ይሆን? ድፍድፉስ ተበላሽቷል ማለት ነው?

መልስ (በቢራ ጠመቃ ሙያ የሚሠራ፣ አዲስ አበባ)

ከሁሉ አስቀድመው ክዳኑን ያስተንፍሱት፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚደርስ ነው። ልጆችን ከአካባቢው ያርቁ፣ መስኮትና በር ይክፈቱ፣ በክዳኑ ላይ ወፍራም እርጥብ ጨርቅ ይጣሉበትና ፊትዎን ዞር አድርገው የብረቱን ቀለበት በጥቂቱ ብቻ ያላሉት። ጋዙ እየተነፈሰ ይወጣል፤ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ጠብቀው ከዚያ በኋላ ክዳኑን ያንሱት። በአንድ ጊዜ ከከፈቱት ግፊቱ በድንገት ስለሚወርድ በድፍድፉ ውስጥ ያለው ጋዝ ሁሉ አንድ ላይ ተነሥቶ እህሉን ይዞት ይወጣል። ጋዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመሆኑና ከአየር ስለሚከብድ በጠባብ ክፍል ወለል ላይ ይተኛል፤ በርሜሉ ውስጥም ስለሚቆይ ጭንቅላትዎን አስገብተው አይመልከቱ።

አረፋው ሲወርድ ከድፍድፉ ሲሶ ያህሉን ወደ ሌላ ንጹሕ ባልዲ ይቀንሱ። አንድ ጋት ክፍተት ለእንዲህ ዓይነቱ ወፍራም ድፍድፍ አይበቃም፤ ከዕቃው ቢያንስ ሩቡ፣ በሞቃት አገር ደግሞ ሲሶው ባዶ መሆን አለበት። ብቅሉ የእንኩሮውን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፣ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮልና ወደ ጋዝ ይለውጣል፤ ከአንድ ኪሎ ስኳር የሚወጣው ጋዝ ወደ ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ሲሆን፣ በክፍል ሙቀት የሚይዘው ቦታ ከ250 ሊትር በላይ ነው። ያን ሁሉ ጋዝ አፍኖ የሚያስቀር በርሜል የለም፤ መውጫ ካላገኘ ራሱ ያበጃል።

አልተበላሸም። የፈላው በደንብ ስለተብላላ ነው። ሊያሳስብዎት የሚገባው ሙቀቱ ነው፤ እርሾው ሲሠራ ራሱ ሙቀት ያመነጫል፣ ሙቀቱ ደግሞ እርሾውን ያፈጥነዋል፤ ስለዚህ የበርሜሉ መሐል ከክፍሉ አየር በብዙ ዲግሪ ሊበልጥ ይችላል። ከ30 ዲግሪ በላይ የተብላላ ጠላ ጉሮሮ የሚልጥና ራስ የሚያሳምም ይሆናል። ቴርሞሜትር ካለዎት መሐሉ ላይ ነክረው ይለኩልን።

መልስ (ከደብረ ብርሃን)

ልጄ፣ አማትሽ የነገሩሽ ልክ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የደብረ ብርሃን ልክ ነው። እኛ ዘንድ ሌሊቱ ብርድ ስለሆነ ድፍድፉ ቀስ እያለ ነው የሚነሣው፤ በክረምትማ ጭራሽ ይዘገያል። አዳማ በግንቦት እዚህ አራት ቀን የሚፈጀውን በአንድ ሌሊት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ቀኑን አትቁጠሪ፤ ድፍድፉን እያየሽና እያሸተትሽ ሂጂ። ጥንስሱም ቢሆን በእናንተ ሙቀት ሦስት ቀን መቆየት አያስፈልገውም ነበር፤ በሁለተኛው ቀን አረፋ ካወጣ በቅቶታል፣ ከዚያ በላይ ሲቆይ እርሾው በርትቶ ይጠብቅሻል።

ጋንና ፕላስቲክም አንድ አይደሉም። ጋን በውጭ ጎኑ ያልበዋል፣ ላቡ ሲደርቅ ሆዱ ይቀዘቅዛል፤ ፕላስቲክ ግን ሙቀቱን አምቆ ይይዘዋል። በዚህ ላይ በእኛ ቤት የጋኑ አፍ በጭቃ የሚመረገው ድፍድፉ ተኝቶ ውሃ ከተጨመረበት በኋላ ነው፤ በሚፈላበት ጊዜ ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ጣል አድርገንበት ከላይ አክንባሎ እንደፋበታለን እንጂ አናፍነውም።

ውሃ እንዳትጨምሪ። ያልተብላላ ድፍድፍ ላይ ውሃ ከፈሰሰበት ጌሾው ሳይወጣለት ይቀጥንና ቶሎ ይኮመጥጣል። ይልቅ እህሉ ጋዙ ገፍቶት ከላይ እንደ ክዳን ይጠጥራል፣ ያ ነው እየገፋ የሚያገነፍለው። ጠዋትና ማታ በታጠበና በወይራ በታጠነ ረጅም ማማሰያ ከላይ ጀምረሽ ቀስ እያልሽ ወደ ታች መልሽው። ከላይ የደረቀ እህል ሳይገለበጥ ከዋለ የሚሻግተውና ጠላውን የሚያበላሸው እሱ ነው።

መልስ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

እኔ እዚህ ጠላ የምጠምቀው አሜሪካውያን ለቤት ቢራ በሚጠቀሙበት ባልዲ ነው። ክዳኑ ላይ ውሃ የሚይዝ ትንሽ የጋዝ ማስተንፈሻ ይሰካበታል፤ ለተጣራ የቢራ ጭማቂ ይበቃል፣ ለድፍድፍ ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም የጌሾ ቅጠልና የብቅል ገለባ ቀዳዳውን ይደፍነውና ክዳኑ እንደ እርስዎ በርሜል ያብጣል። መፍትሔው ክዳኑን በስቶ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጎማ ማስገባትና የጎማውን ሌላ ጫፍ ግማሽ ድረስ ውሃ በያዘ ዕቃ ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ መንከር ነው። አረፋው በዚያ ይወጣል፣ ዝንብና አየር ግን አይገቡም። የውሃው ዕቃ ከበርሜሉ ዝቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ድፍድፉ ሲቀዘቅዝ ውሃውን ወደ ውስጥ ሊስበው ይችላል። ለድፍድፍ ጠባብ አንገት ያለው የመስታወት ዕቃ በፍጹም አይጠቀሙ፤ ሲደፈን ሊፈነዳ ይችላል።

ተጨማሪ ጥያቄ (ከአዳማ)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደተባለው ክዳኑን አስተንፍሼ፣ ሲሶውን ቀንሼ፣ እህሉንም ወደ ታች መልሼዋለሁ፤ አሁን ከበርሜሉ አፍ በታች ሆኖ ይንተከተካል። መሐሉ ሲለካ 31 ዲግሪ ነው። እንዴት ላቀዝቅዘው? ውሃ የምጨምረውስ መቼ ነው? ከተጣራ በኋላ የተወሰነውን በጀሪካን ወደ አዲስ አበባ ስለምልክ፣ እዚያም ላይ እንዳይፈነዳ እሰጋለሁ።

መልስ (በቢራ ጠመቃ ሙያ የሚሠራ፣ አዲስ አበባ)

ከደብረ ብርሃን የጻፉልን እናት ስለ ጋኑ ላብ የተናገሩት ራሱ መድኃኒቱ ነው። በርሜሉን ሰፊ ሳፋ ውስጥ ያቁሙት፣ ሳፋው ላይ ውሃ ያድርጉበት፣ ከዚያም አንሶላ አርጥበው በርሜሉን ጠቅልለው የአንሶላው ጫፍ ውሃው ውስጥ እንዲቀር ያድርጉ። ነፋስ በሚያገኝበት ቦታ ከሆነ አንሶላው ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። በረዶ የሆነ የውሃ ጠርሙስ ካለዎት ሳፋው ውስጥ ይጨምሩት፤ ድፍድፉ ውስጥ ግን አይክተቱት። ወደ 25 ዲግሪ ከወረደ ይበቃል፣ ከዚያ በታች በአንድ ጊዜ ካወረዱት እርሾው ይተኛና ሥራውን ሳይጨርስ ይቀራል።

ውሃ የሚጨመረው አረፋው ወርዶ፣ እህሉ ወደ ታች መስመጥ ሲጀምርና ሲቀምሱት ጣፋጭነቱ ሲጠፋ ነው። ገና የሚጣፍጥ ከሆነ ያልተበላ ስኳር አለ ማለት ነው፣ ያ ስኳር ደግሞ ጀሪካን ውስጥ ገብቶ ሥራውን ይቀጥላል። ስለዚህ ለመንገድ የሚሆነውን ከሁሉም መጨረሻ ላይ አጣርተው ይቅዱት፣ ከጀሪካኑ አንድ አምስተኛውን ባዶ ይተዉ፣ ክዳኑንም አጥብቀው ሳይሆን ጋዝ እንዲያወጣ ላላ አድርገው ይዝጉት። ጀሪካኑ ቆሞ ይጓዝ፤ ፀሐይ በሚመታው የመኪና ኋላ ሳይሆን ከተሳፋሪው እግር ሥር ጥላ ቦታ ይሁን። ተቀባዩም እንደደረሰው ወዲያው ክዳኑን አስተንፍሶ ቀዝቃዛ ቦታ እንዲያስቀምጠው አስቀድመው ይንገሩት።